የዱቄት ሳል የጠፋበት ካርታ

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ወንበሬ ላይ ቁጭ እላለሁ፣ እነሳለሁ፣ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ። አጠገቤ የምትሠራው ጸሐፊ በመጨረሻ፣ «ኧረ በፈጠረህ፣ ወይ ውጣ ወይ ተቀመጥ! የኔንም ራስ አዞርከው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን አራት ሰዓት ላይ ጉባኤው ይሰበሰባል፤ ሊዘጉ ከታሰቡት ሦስት የምርምር ክፍሎች አንዱ ደግሞ የታላቅ እህቴ ነው። የሚዘጋውም እኔ በሠራሁት ካርታ ነው።

ካርታ ስል አገር የሚያሳየውን አይደለም። ሥራዬ መቁጠር ነው። በተቋማችንም በሌላም ቦታ የወጡ የጥናት ጽሑፎችን እሰበስባለሁ፤ ማን ስለምን ጻፈ፣ ማን የማንን ጠቀሰ፣ የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር አብሮ ተጻፈ እያልኩ ኮምፒዩተሩን አስቆጥረዋለሁ። እሱ ደግሞ እያንዳንዱን ቃል ክብ አድርጎ ይስለዋል። ብዙ የተጻፈበት ክብ ይወፍራል፣ ጥቂት የተጻፈበት ይኮሰምናል፣ በአምስት ዓመት ውስጥ አምስት ጽሑፍ ያልሞላው ጭራሽ አይወጣም። የምርምሩ ዓለም ወዴት እያዘነበለ እንደሆነ ባንድ እይታ ይታወቃል። ዳይሬክተራችን ስለሚወዱት በየዓመቱ በትልቁ አሳትመው ኮሪደሩ ላይ ያሰቅሉታል። እኔም፣ ምን እደብቃለሁ፣ በዚያ ሳልፍ ደረቴን ነፍቼ ነው።

እህቴ ሐኪም ናት። ምድር ቤት ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ዳቦ ጋጋሪዎችን ትመረምራለች። ዕድሜ ልካቸውን ዱቄት ሲምጉ የኖሩ ሰዎችን የሚይዘውን ሳል «የዱቄት ሳል» ብላ ሃያ ዓመት አጥንታዋለች። ሰዎቹ በየሳምንቱ ይመጣሉ፣ የትንፋሽ መለኪያው ቱቦ ውስጥ ኡፍ ይላሉ፣ እሷ ትመዘግባለች። ክፍሏ ከተዘጋ የሚለካቸው የለም፤ እሷም ወደ ትልቁ የአስም ክፍል ተዛውራ የሰው ሪፖርት ስታርም ትውላለች። ድሮ ቃሏ ካርታው ጥግ ላይ ትንሽ ክብ ነበረው። ከአራት ዓመት ወዲህ ግን የለም።

አልጠየቅኋትም። ምን ብዬ? «እታለም፣ ሥራሽ ሞተ ወይ?» ልበላት? በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች፤ ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። አርባ ዓመቴን ደፍኜ እንኳ ዛሬም «ማሙሽ» ነው የምትለኝ። እሷም አንድ ቀን ጉዳዩን አንስታልኝ አታውቅም። ዛሬ ጠዋት ብቻ ደወለችና፣ «ዛሬ ነው አይደል? እንዳትጨነቅ፣ እሺ? ቁርስ በልተሃል?» አለችኝ።

ይሄ የቁርሷ ነገር አንጀቴን በላው። ቢያንስ ለጉባኤው ሁለት መልካም ቃል ልጻፍላት ብዬ፣ ስንት ጽሑፍ እንዳወጣች ልጠይቃት መልሼ ደወልኩ።

«ባለፉት አምስት ዓመታት?» አለች። «ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ? ሁሉም የዱቄት ሳል ላይ?»

«ሌላ ምን አውቃለሁ እኔ?»

ዘጠኝ ከአምስት ይበልጣል፤ ይህን ለማወቅ ቆጣሪ መሆን አያስፈልግም። ታዲያ ጽሑፎቹ የት ገቡ? የመረጃ ቋቱን ከፈትኩ፤ ዘጠኙም ከነርእሳቸው፣ ከነቀናቸው ቁጭ ብለዋል። ካርታው ላይ ግን ድራሻቸው የለም። ያኔ ነው የማጣመሪያው ዝርዝር ትዝ ያለኝ።

ሰው አንዱን ነገር በተለያየ ስም ይጽፋል። አንዱ «ቲቢ» ይላል፣ ሌላው «የሳንባ ነቀርሳ»። ለየብቻ እንዳይቆጠሩ፣ «ይህንን ባየህ ቁጥር ያኛው ነው ብለህ ቁጠር» እያልን ለኮምፒዩተሩ የምንሰጠው ዝርዝር አለ። ከፈትኩት። «ዱቄት» ብዬ ፈለግሁ። የዱቄት ሳልን አስም ብለህ ቁጠር ይላል። ከጎኑ ቀኑ አለ፣ አራት ዓመት የሞላው። ከቀኑ ቀጥሎ የጻፈው ሰው ስም አለ። የኔ ስም ነው።

ወይ ጉድ! ስጽፈው ትዝ እንኳ አይለኝም። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ለመሄድ ስቸኩል ይሆናል፤ ሳል ነው፣ አስም ነው፣ ያው ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ሁለት ፎቅ ወርጄ የማገኛትን እህቴን አንድ ቃል ሳልጠይቅ! የሷን ጽሑፎች እየቆጠርኩ ለአስም ክፍል ስሰጥ ኖርኩ፤ የነሱ ክብ ወፈረ፣ የሷ ጠፋ። «አንተ ደደብ!» ብዬ ስጮህ ጸሐፊዋ ስልኩን ከእጇ ጣለችው።

መስመሩን ሰርዤ ካርታውን እንደገና አስሠራሁት። እስኪጨርስ ድረስ ጥፍሬን በላሁት። ክቧ ከ«ዳቦ ቤት»፣ ከ«አቧራ» እና ከ«ሠራተኛ» ጋር ተያይዛ ጥግ ላይ ብቅ አለች። አትሜ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ በረርኩ።

«አሁን?» አሉ፣ ወረቀቱን እያዩ። «ጉባኤው ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው የእህትህ ክብ ተገኘች? አንተ በኔ ቦታ ብትሆን ታምናለህ?»

ደሜ ፈላ፤ ግን አልፈረድኩባቸውም። ዝርዝሩን ዘርግቼ ቀኑንና ስሜን በጣቴ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህን ጉባኤው ፊት ካወጣኸው የክፍል ኃላፊነቱን እርሳው» አሉኝ። «ካርታውንስ ቢሆን ሁለተኛ ማን ያምነናል?»

«ይቅርብኝ» አልኩ። አፌ ነው እንጂ ሆዴ አላለም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ስጠብቀው የነበረ ሹመት ነው።

ጉባኤው ላይ ሰባት ሰዎች ነበሩ። ቆሜ፣ ላብ በላብ ሆኜ፣ የሠራሁትን ስህተት ከመነሻው ተናገርኩ። የአስም ክፍሉ ኃላፊ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ጀመር። ሰብሳቢው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ከማህደራቸው አንድ ወረቀት አወጡ።

«ነገሩ እኮ አልቋል» አሉ። «ክፍሉ እንዲዘጋ እሷ ራሷ ሰኞ ዕለት ጽፋለች።» አነበቡት፦ «ከተቋሙ ካርታ ለአራት ተከታታይ ዓመታት እንደተመለከትኩት፣ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚጽፍም የሚያነብም ስለሌለ…»

ውሃ ሆንኩ። የቀረውን አልሰማሁትም። ሰብሳቢው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ደብዳቤዋን በጽሑፍ ከሻረች ክፍሉ እንደማይዘጋ ሲናገሩ ብቻ ነው የነቃሁት። ወረቀቱን ከእጃቸው የመንጠቅ ያህል ተቀብዬ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየረገጥኩ ወረድኩ።

ክፍሏ በር ላይ አምስት ስድስት ዳቦ ጋጋሪዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ያስላሉ። ሳላንኳኳ ገባሁ።

«እታለም፣ ምን ነክቶሽ ነው ይህን የጻፍሽው?»

«ቀስ በል፣ ማሙሽ። ሰው እየለካሁ ነው።»

እውነትም አንድ ፂማም ሰውዬ ቱቦውን አፉ ውስጥ እንደከተተ ያየኛል። ለክታ፣ መዝግባ፣ አይዞህ ብላ ሸኘችው። ከዚያ ባንድ ትንፋሽ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። እስክሪብቶዋን እንደያዘች ሰማችኝ።

«እኔ እኮ ካርታው በየዓመቱ ሲሰቀል እየሄድኩ ቃሌን እፈልገው ነበር» አለች። «መነጽሬን ሁሉ ቀይሬ ፈልጌዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«አንተ የቆጠርከውን?» ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋ ከስድብ ባሰብኝ። «እነዚህ ሰዎች እዚህ ሲያስሉ በጆሮዬ እየሰማሁ፣ አንተን አመንኩ። አርጅቻለሁ፣ ማንም የማይፈልገው ነገር ላይ ተቸክዬ ቀርቻለሁ አልኩ።»

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ከዘጠኙ ስንቱን አንብበሃል?»

ልዋሽ አሰብኩ። ግን ፊደል ያስቆጠረችኝን ሴት ዓይኔን በጨው አጥቤ እንዴት እዋሻታለሁ? «አላነበብኩም» አልኩ።

«አንዱንም?»

«አንዱንም።»

«የመጨረሻው ጽሑፌ መጀመሪያ መስመር ላይ ምን እንደሚል ታውቃለህ? ‹የዱቄት ሳል አስም አይደለም› ነው የሚለው።»

ደብዳቤውን ከእጄ ወስዳ ለሁለት ቀደደችው። ሌላ ወረቀት ስባ ሦስት መስመር ጻፈች፣ ፈረመች፣ ሰጠችኝ። ዕንባዬ መጣ፤ ልስማት ጠጋ ስል በእጇ አቆመችኝ።

«ያ ዝርዝር ስንት መስመር አለው?»

«አራት መቶ አሥራ ሁለት።»

«ሁሉንም አንተ ነህ የጻፍከው?»

«እኔ ነኝ።»

«አምናና ካቻምና የተዘጉት ክፍሎችስ? እነሱም በዚሁ ካርታ ነው?»

ፊቴን ለአፍታ አየችው፤ መልሱን ከዚያ ያገኘችው መሰለኝ።

«ታዲያ እዚህ ተገትረህ ምን ትሠራለህ?» አለችኝና በሩን ከፍታ ተረኛውን ጠራች።