የምድር ቤቱ ምሰሶዎች

ዓለም ገና ላይ እኛም ቤተ ክርስቲያናችንም የተከራየንበትን ሕንጻ ኮምፒውተሬ ላይ ገፍቼ ጥዬዋለሁ። ሥራዬ ነው፤ ሕንጻን በስሌት ከጎኑ ቀስ በቀስ እየገፉ የትኛው ምሰሶ ቀድሞ እንደሚሸነፍ ማየት። የላይኞቹ ፎቆች ምንም አልሆኑም። የተሸነፈው ምድር ቤቱ ነው፤ ምሰሶዎቹ ከላይም ከታችም ተሰበሩና የላዩ ሁሉ እንዳለ ቁጭ አለ።

ምክንያቱንም አውቀዋለሁ። አከራያችን ኦቦ ሊቤ፣ ደግ ሰው፣ "ለጸሎታችሁ አዳራሽ ይሁን" ብለው ምሰሶዎቹን ያግዝ የነበረውን የምድር ቤቱን የብሎኬት ግድግዳ አስፈርሰውልናል። ስጋቴን ስነግራቸው ሳቁብኝ፦ "ይሄ ቤት ስንት ሲሚንቶ እንደጠጣ ታውቂያለሽ?"

እና መሬት በተንቀጠቀጠ ቁጥር የኛ ሰው ወዴት ይሮጣል? ወደ ሜዳ እንዳትሉ። ለጸሎት ወደ አዳራሹ!

እሁድ ከሰዓት ፎቅ ላይ ቤታችን ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። ግድግዳ ይዤ ስወርድ እማዬ ከፊት ተንበርክካለች፤ ፓስተር ያቤጽ ማይክ ይዘዋል።

"ፓስተር፣ እባክዎ ሜዳ ላይ ይጸለይ! ቀድሞ የሚወድቀው ይሄ አዳራሽ ነው፤ ራሴ ሠርቼ አይቼዋለሁ!"

"ጣቢታ፣ ልጄ፣ ምሰሶውን የያዘ እጅ አለ" አሉኝ።

ስሌት ማስረዳት የት አባቱ! እማዬ ላይ ተጠምጥሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

"እማዬ፣ ፈራሁ! በሞቴ ውጪ!"

"ልጄ ፈርታለች" ብላ ተነሳች። እሷ ስትነሳ ሴቶቹ ተነሱ፤ ሴቶቹ ሲነሱ ሁሉም ተከተለ።

ሜዳው ላይ እንደደረስን ደግሞ መጣ፤ ከፊተኛው የባሰ። ሕንጻው ተወዛወዘ፣ አቧራውን አራገፈ፣ ቆመ።

እልልታው ቀለጠ። ኦቦ ሊቤ "ገለተ ዋቃ!" እያሉ አምላክን አመስግነው ግድግዳውን ዳበሱት።

"አየሽ?" አለች እማዬ፣ እንባዬን በሻርፗ እየጠረገች። "አልወደቀም እኮ። ነይ እናመስግን።"

ሁሉም እየዘመረ ተመልሶ ገባ።

እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። የመካከለኛው ምሰሶ አናት ላይ ቅድም ያልነበረ ስንጥቅ አለ፤ ልክ ኮምፒውተሬ ይሰበራል ብሎ ቀይ ባደረገው ቦታ። ጮህኩ። መዝሙሩ ዋጠኝ። ሕንጻው በዓይናቸው ፊት ቆሞ ማን ይሰማኛል? ከዛሬ ወዲያ በሞቴ ብላትም እማዬ አትወጣልኝም።

"ነይ እንጂ ልጄ!" እጇን ዘረጋችልኝ። ቦታ ይዛልኛለች፤ እዚያው ምሰሶ ሥር።

ትቻት የት እሄዳለሁ? ገባሁ።