ግማሽ ሰሌዳ

ተማሪው ሁሉ አባባ የሚላቸው አስተማሪ ከሞቱ ወዲህ፣ ያስተምሩበት በነበረው ክፍል የመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ማንም ሳይንቀሳቀስበት ሲጥ ይላል። አይጥ ነው ያለ አለ፤ እንጨት ሲደርቅ ነው ያለም አለ። በእሳቸው ቦታ የተተካችው የሒሳብ አስተማሪ ግን የሁለቱንም አላመነችም። ወንበሩ ሲጥ የሚለው ሁልጊዜ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ ስትጽፍ ነው፤ ያውም ልክ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚለው። ዞር ስትል፣ ልጆቹ የአባባ ጥግ የሚሉት የወንበሩ ጫፍ ባዶ ነው። ከጎኑ ዝምተኛዋ ልጅ ብቻ አቀርቅራ ትጽፋለች።

አስተማሪዋንም በልጅነቷ እዚሁ ክፍል ሒሳብ ያስተማሯት አባባ ናቸው። እጇን ሳታወርድ ፊተኛው ወንበር ላይ ያደገች ጎበዝ ስለነበረች፣ ያኔም ከኋላዋ ሲጥ ሲል ትሰማ ነበር እንጂ አንድም ቀን ዞር ብላ አላየችም። ምን ቆርጧት! የምታስታውሰው ሌላ ነገር ነው። አባባ ዕድሜ ልካቸውን የሰሌዳውን ግራ ግማሽ ብቻ ነበር የሚጠቀሙት። ይጽፋሉ፣ ያጠፋሉ፣ እዚያው ላይ መልሰው ይጽፋሉ። “ለጠመኔው ሳስተው ነው” እያለች ስንቴ አስቃባቸዋለች። እሷ ስታስተምር ታዲያ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ትሞላና መልሱን ቀኝ ጥግ ላይ ታሰምርበታለች፤ ኮራ ብላ።

ከዚያ “ገባችሁ?” ትላለች። ፊት ያሉት በአንድ አፍ “ገብቶናል” ይላሉ። ኋላ ያሉት፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለው ዝም። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው፣ እኔን ብትጠይቁኝ፣ ሒሳብ አስተምሮ አያውቅም።

ፈተናው ሲታረም ኋለኞቹ ወደቁ። ርዕሰ መምህሩ አስጠሯትና፣ “እህቴ፣ በከንቱ አትልፊ። የማይሆንላቸውን ለይተሽ ስጪኝ፤ ሒሳብ የሌለበት ክፍል እናስገባቸዋለን። ነገ ስማቸውን እፈልጋለሁ” አሏት። ከሁሉ በፊት የመጣላት የዝምተኛዋ ስም ነው። ልጅቷ ደግሞ እንደ እናቷ ነርስ መሆን ነው የምትፈልገው፤ ያለ ሒሳብ ያ በር ይዘጋባታል። አስተማሪዋ ይህን ታውቃለች። “ምን ላድርግ፣ ጭንቅላት አላበድራቸው” ብላ ራሷን ለማጽናናት ሞከረች፤ አንጀቷ ግን እሺ አላለም።

በማግስቱ፣ ከምሳ በኋላ እንደ ወትሮው ገብታ ሰሌዳውን ሞላች። ሲጥ አለ። እጇ ቆመ። ፍርሃቱ ሲበዛ ግን ንዴት ሆነና፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብላ በወንበሮቹ መሃል ወደ ኋላ ሄደች። የአባባ ጥግ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ማንም የለም። እንጨቱ ብቻ፣ ሰው ለብዙ ዘመን ስለተቀመጠበት፣ ጎድጎድ ብሎ ለስልሷል።

ቀና ብላ ሰሌዳውን አየች። ቀኙ ግማሽ የለም። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን አርፎበት ነጭ ሆኗል፤ ያሰመረችበት መልስ ሳይቀር ብርሃኑ ውስጥ ጠፍቷል። ግራው ግማሽ ጥርት ብሎ ይነበባል።

“ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚታይሽ?” አለቻት ልጅቷን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

“አዎ ቲቸር።”

“ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?”

“ፊት ያሉት ‘ገብቶናል’ ይላሉ። ጎበዝ ብሆን በግማሹም ይገባኝ ነበር ብዬ ነው።” ልጅቷ ደብተሯን ነካካች። “አባባ በሕይወት እያሉ እኮ መናገር አያስፈልገንም ነበር። ይጽፉና መጥተው እዚህ ይቀመጣሉ። ከታያቸው ይቀጥላሉ።”

አስተማሪዋ ያኔ በአባባ ጠመኔ የሳቀችው ሳቅ ሁሉ ትዝ አላት። አፈረች፤ ልጆቹ ፊት እንባዋ መጣ። ተነስታ ሰሌዳውን አጠፋችና ጥያቄውን ከመጀመሪያው ጀምራ በግራው በኩል ብቻ ጻፈችው። ዝምተኛዋ ልጅ እያቃተታት፣ እየሰረዘች፣ እስከ መልሱ ደረሰች።

ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ብቅ አሉ። “ስሞቹስ?”

“የሉም” አለች። “መጀመሪያ ይምጡና እዚያ ኋላ ይቀመጡ። ከዚያ ስም እንጠራለን።”

እሳቸው የመጨረሻውን ወንበር አዩት፤ አልገቡም። “እንግዲያው እስከሚቀጥለው ፈተና” ብለው ሄዱ።

እሷም ዞራ ሌላ ጥያቄ ጻፈች፤ በግራው በኩል። ገና ጠመኔዋን ከሰሌዳው ሳታነሳ፣ ከኋላ ሲጥ አለ። ሰውነቷ ውርር አለ፤ አሁንም ትፈራለች።

“መጣሁ አባባ” አለችና ወደ ኋላ ሄደች። ዝምተኛዋ ልጅ ቦታ ልትለቅላት ወደ ግድግዳው ጠጋ አለች። የለቀቀችው ቦታ ለሁለት ሰው ይበቃል።