አንድ ትሪ ፉል

ኳ፣ ኳ፣ ኳ ይላል። ጠርሙስ ከብረት ጋር ሲጋጭ ይመስላል፤ ከታች፣ ከጋራ ማብሰያው በኩል። አልጋዬ ላይ ሆኜ ብዙ ነገር ካሰብኩ በኋላ ወረድኩ። ሰሀር ናት። በአምቦ ውሃ ጠርሙስ ቂጥ ፉል ትደቁሳለች።

ታኅሣሥ ሃያ ሦስት ነው፤ ሱዳን ነፃ የወጣችበት ቀን። ሰሀርና አባቷ ከካርቱም ጦርነት ሸሽተው ለቡ፣ እኛ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ከገቡ ስምንት ወራቸው። አማርኛ የምትችለው እሷ ብቻ ናት፤ እዚያው ካርቱም ከሐበሻ ጎረቤቶቿ የለመደችው። አባቷ አቶ መሐሙድ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ። ከመጡ ጀምሮ ከቤት ወጥተው አያውቁም። ሰሀር የደገሰችው ለእሳቸው ነው፤ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ካዩ ይወርዱ ይሆናል ብላ።

ከጥቂት ቀናት በፊት፣ መጀመሪያ ስታስበው፣ በግ ልታሳርድ ነበር። ያስቆሟት ጎረቤታችን እትዬ ገበያነሽ ናቸው።

«የኔ ልጅ፣ የገና ጾም እኮ ነው። ፍስክም ቢሆን እኛ ያንቺን ሥጋ አንበላም፤ አንቺም የእኛን።»

«እኔ ጴንጤው አልጾምም» አሉ የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ከበበው እየሳቁ፤ «ለእኔ ለብቻዬ አንድ በግ ይታረድልኝ!»

ሰሀር አልሳቀችም። «ሁለት ትሪ ይሆናላ። አባቴ ሁለት ትሪ ካየ አይወርድም። እኛ አገር በዓል አንድ ትሪ ነው።»

«ፉል አትሠሪም?» አልኳት። በስምንት ወር ውስጥ ከሰላምታ ሌላ ያናገርኳት ያን ቀን ነው።

እትዬ ገበያነሽ ዞረው አዩኝ። «አንተም ትናገራለህ ለካ!»

እንዲህ ሆኖ በበዓሉ ቀን ስድስት ሰዓት ሲያልፍ ትሪው ግቢው መሃል ተቀመጠ። ፉል፣ የሰሊጥ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ዙሪያውን ዳቦ። አሥራ አንድ ሆነን ከበብነው። ሰሀር ሁለት ጊዜ ወደ ቤት ወጣች፤ ሁለቴም ብቻዋን ወረደች። ማንም እጁን አልሰደደም።

«አቶ መሐሙድ!» ብለው ጮኹ ጋሽ ከበበው ወደ ላይ። «እነዚህ ጾመኞች ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ኃጢአቱ በእርስዎ ነው!»

ሰሀር በዐረብኛ ደገመችው። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተከፈተ።

ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ ግድግዳውን እየያዙ ወረዱ። እትዬ ገበያነሽ ጠጋ ብለው አስቀመጧቸውና ጠቅልለው አጎረሷቸው። በዝግታ አላምጠው አንድ ነገር አሉ።

«ጨው ያንሰዋል ይላል» አለች ሰሀር። ሁላችንም ሳቅን። እሷ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«ካርቱም ስንት ሆናችሁ ነበር የምትበሉት?» ጠየቁ ጋሽ ከበበው።

ተረጎመችላቸው። አቶ መሐሙድ እንደሚቆጥር ሰው አንድ በአንድ አዩን። ቆጥረው ሲጨርሱ እጃቸውን ጠረጉና ተነሡ። ወደ ደረጃው የሚሄዱ መስሎን መንገድ ለቀቅንላቸው። እሳቸው ግን በትሪው በኩል አልፈው ወደ ግቢው በር አመሩ።

ሰሀር ልትከተላቸው ብድግ አለች። ጥበቃው በሩን ከፈተላቸው፤ በስምንት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ከግቢው ወጥተው ወደ ሀይሌ ጋርመንት በሚወስደው መንገድ ሄዱ።