ነክታኛለች

ጥርርር። ቆም ይልና ደግሞ ጥርርር።

ጋሼ ዓይኑን ሳይገልጥ ምን እንደሆነ አወቀ። በጥንድ ቴኒስ አብሮት የሚጫወተው ልጅ መታጠቢያ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀምጦ የራኬቱን እጀታ ፕላስተር እየላጠ ነው። ዓመቱን ሙሉ፣ በአሥራ ዘጠኝ ከተማ፣ በአሥራ ዘጠኝ የሆቴል ክፍል የነጋው በዚሁ ድምፅ ነው።

«ትናንት የጠቀለልከው ምን ሆነ?» አለ ከብርድ ልብሱ ውስጥ።

«ላላብኝ።»

«እኔንም አንድ ቀን እንዲሁ ልጠህ ትጠቀልለኛለህ።»

ጋሼ ያሉት ተጫዋቾቹ ናቸው። ሠላሳ አምስት ዓመት በሌላ ሙያ ገና ጎልማሳ ያሰኛል፤ በቴኒስ ግን ሽማግሌ ነው። ደረጃ ሲወርድ ጉልበቱ ይንቋቋል፤ ለብቻ መጫወቱን ካቆመ ቆይቷል፤ የቀረችው የጥንድ ጨዋታ ናት። ሚስቱ ደግሞ ቁርጡን ነግራዋለች። «አንድ ዓመት ብቻ። ከመቶዎቹ ተርታ ከገባህ እሰየው፤ ካልገባህ ሻንጣህን ቁም ሳጥኑ ላይ ትሰቅላታለህ። ልጅህ እኮ አባዬ የሚለው ስልኩን ነው።» አሁን የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ፍጻሜ ላይ ደርሷል። በዓለም የጥንድ ተጫዋቾች ደረጃ መቶ አራተኛ ነው። ዛሬ ካሸነፈ ይገባል፤ ከተሸነፈ አበቃ።

ይህ አብሮት የሚጫወተው ልጅ ባይሆን ኖሮ እኮ ድሮ በገባ ነበር።

ልጁ ቁመቱ የበር መቃን ይነካል፤ ሰርቩ፣ ማስጀመሪያ ምቱ፣ መብረቅ ነው። ያለ እሱ ሰርቭ ጋሼ መቶዎቹን በሩቁ ነው የሚሳለማቸው። ግን አንድ አመል አለበት። ወደ ውጭ የምትሄድ ኳስ መሬት ሳትደርስ ገላህን ወይም ልብስህን ከዳሰሰች ነጥቡ የተቃራኒ ነው። ሕጉ ይህ ነው። ዳኛው ካላየ ግን ሰው ዝም ይላል፤ ዝም አይነቅዝም። ይህ ልጅ እጁን ያነሣል። «ነክታኛለች» ይላል።

የመጀመሪያው ቀን የጫማውን ክር ነበር የነካችው። ጋሼ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ጨዋ ነህ» አለው። በአራተኛው ጨዋነቱ አንገሸገሸው። ሰባተኛው ጊዜ አንድ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ሆነ። ዳኛው አላየም፤ ተቃራኒዎቹ አላዩም፤ ኳሷ ራሷ ያወቀች አትመስልም ነበር።

«ማን አየህ?» አለው ጋሼ መልበሻ ክፍል ገብተው፣ ካልሲውን ግድግዳው ላይ ወርውሮ።

«እኔ።»

«አንተማ የእኛ ወገን ነህ።»

«ነክታኛለቻ፣ ጋሼ።»

«ትንካህ። ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ» ብሎ ፎጣውን አራት ቦታ አጠፈ።

ከእሱ ጋር መጣላት ግድግዳ እንደ መቆጣት ነው። ተጫዋቾቹ «ምስክሩ» አሉት። አንዱማ ምሳ ሰዓት ላይ ሳህኑን ይዞ መጥቶ፣ «አይዞህ ጋሼ፣ ጠበቃ እንፈልግልሃለን፤ ምስክሩ እንደሆነ የእኛ ነው» ብሎ ምግብ ቤቱን አሳቀበት። ጋሼም ሳቀ። ምግቡን ግን ሳይጨርስ ተነሣ።

ፍጻሜው ጣሪያ ባለው አዳራሽ ነበር። አንድ አንድ ዙር ተካፈሉ። ቀድሞ አሥር ነጥብ የደረሰ ያሸንፋል በሚባልበት መለያ ላይ ዘጠኝ ለስምንት መሩ። አንዲት ነጥብ ቀረቻቸው።

ልጁ ሰርቭ አደረገ። ጋሼ መረቡ ሥር አጎንብሷል። ተቃራኒው ኳሷን በንዴት ጠለዛት፤ በቀጥታ ወደ ጋሼ ደረት መጣች። ጋሼ ወደ ጎን ተጣጠፈላት። አልፋው ሄዳ ከመስመሩ አንድ ክንድ ውጭ ወደቀች። ዳኛው ከከፍታ ወንበሩ ላይ ጨዋታው ማለቁን ተናገረ።

እጅጌው ግን ተርገብግቧል። ጋሼ ያውቃል። ኳሷ ሸሚዙን ፈትጋ ስታልፍ፣ ጨርቅ በጥፍር ሲፋቅ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ በጆሮው ሰምቷል።

ዞር አለ። ልጁ የኋላ መስመሩ ላይ እንደቆመ ነው። ከዚያ ላይ ሆኖ ያላየው ነገር አልነበረም። እጁን ግን አላነሣም። የነካችው ጋሼን ነውና ቃሉ የጋሼ ነበር፤ ልጁም ይጠብቅ ነበር።

ጋሼ አፉን ከፈተ። ሚስቱ፣ መቶዎቹ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ የምትሰቀለው ሻንጣ፣ ሁሉም ምላሱ ላይ ተሰለፉ። ይኼኔ ተቃራኒዎቹ እጃቸውን ዘርግተው መረቡ ጋ ደረሱ።

«ጥሩ ጨዋታ» አላቸው።

ሆቴል እንደገቡ ለሚስቱ ደወለ። «ገባሁ» አላት።

«ከመቶዎቹ?»

«አዎ።»

«እንኳን ደስ አለህ። ታዲያ ምነው ድምፅህ?»

«ደክሞኝ ነው።»

ስልኩን ሲዘጋ ልጁ ጀርባውን ሰጥቶ ልብሱን እያጠፈ ነበር። አውሮፕላናቸው ነገ ጠዋት ነው፤ የሚሄዱትም አብረው ነው። ጠረጴዛው ላይ የመጪው ዓመት የመጀመሪያ ውድድር ቅጽ አለ። የጋሼ ስም ተጽፏል፤ ከጎኑ ያለው ቦታ ባዶ ነው።

«ፈርምባት እንጂ» አለ ጋሼ።

ልጁ ካልሲዎቹን ጥንድ ጥንድ እያደረገ ይጠቀልላል።

«አንድ ነገር በል። ዓመቱን ሙሉ ማንም ሳይጠይቅህ ስትናገር ከርመህ ዛሬ ምላስህን ምን ያዘው?»

«ምን ልበል፣ ጋሼ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ስደበኝ።»

«ለምን እሰድብሃለሁ?»

ጋሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሸሚዙን ገና አላወለቀም። እጅጌውን ቁልቁል ጎተተው።

«ንፋስ ይሆናል ያርገበገበው» አለ።

«አዳራሹ ጣሪያ አለው፣ ጋሼ።»

ልጁ የቀሩትን ካልሲዎች ከተተ። የሻንጣውን ዚፕ ዘጋ። ራኬቶቹን ትከሻው ላይ አንጠለጠለ። ቅጹን ከጠረጴዛው አንሥቶ አየው፤ አንብቦ እንደጨረሰ ሰው ሳይፈርም መልሶ አስቀመጠው። ለመውጣት እንደ ልማዱ በሩ ላይ አንገቱን ዝቅ አደረገ።

«ነገ ነው እኮ የምንሄደው» አለ ጋሼ።

በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ።