የብልባላው ኢንጅነር

ብልባላ ገብታችሁ «ኢንጅነሩ የት አሉ?» ብትሉ የፊዚክስ መምህሩን ፈንታውን ያሳዩአችኋል። እንዴ፣ ድልድይ ሠርተው መሰላችሁ? ኧረ የት አባታቸው። በጎረምሳነታቸው አዲስ አበባ ሄደው አንድ ዓመት ኢንጅነሪንግ ተማሩ፤ በዓመቱ መጨረሻ በውጤት ማነስ ተሰናብተው መጡ፤ አለቀ። ሰዉ ስሙን ያወጣላቸው ለሹፈት ነው። እሳቸው ግን «ኢንጅነር» ሲሏቸው ደስ ብሏቸው «አቤት» ስለሚሉ፣ ሹፈቱ ደብዝዞ ስሙ ብቻ ቀረ።

ያቺን አንድ ዓመት አውርተው አይጠግቧትም። ቲ ስኩዌር የሚሉትን ረጅም ማስመሪያ እንደ ጠመንጃ አንግቶ ወደ ድሮዊንግ ክፍል መሮጡን፣ እርሳስ በምላጭ መቅረጹን፣ ካልኩለስ የሚሉት ሒሳብ ያስጨነቀው የመኝታ ክፍል ጓደኛቸው በእንቅልፉ «ሊሚቱ የታለ?» እያለ ሲቃዥ ሁሉም በሳቅ መንቃታቸውን ያወራሉ። ልጃቸው ንጋት ያደገችው ይህንን እየሰማች ነው። ኢንጅነሪንግ ስትገባ ታዲያ ብልባላ ውስጥ የገረመው ሰው አልነበረም።

ዘንድሮ ግን ለመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት የመጣችው አንገቷን ደፍታ ነው። ስታቲክስ የሚሉትን፣ የቆመ ነገር ለምን እንደማይወድቅ የሚያስተምረውን ትምህርት ወድቃለች። ድጋሚ ፈተናውን ካላለፈች ትባረራለች።

«የአባት ዕዳ ለልጅ» አሉ መምህር ፈንታው በልባቸው።

«እስቲ ፈተናውን አሳይኝ።»

ስልኳ ላይ በፎቶ አንስታው ነበር። መነጽራቸውን ሰክተው ቢያዩት፣ በሁለት አምዶች ላይ የተጋደመ አግዳሚ ነው። ጭነቱ ወደ ታች ሲጫን በቀስት አሳይታለች፤ ከአምዶቹ ወደ ላይ የሚገፋ ቀስት ግን አንድም የለም። ትክ ብለው አዩትና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«አባባ፣ እኔ ልባረር ነው፣ እርስዎ ይስቃሉ?»

«አምዶቹ ምነው ሥራ ፈቱ? ለምን ምንም አላሸከምሻቸውም?»

«ምኑን ይሸከማሉ? ጣሪያውም አምዱም አንድ አይደል?»

ይህን ስህተት የሚሳሳት የእኛ አገር ልጅ ብቻ ነው። የብልባላ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን እየተሳለመ ያደገ ሰው፣ ወለሉም አምዱም ጣሪያውም አንድ አለት መሆኑን ነው የሚያውቀው፤ ተፈለፈለ እንጂ አንዱ በአንዱ ላይ አልተጫነም። መምህር ፈንታውም ያኔ በተማሪነታቸው ይህንኑ ሥለው ነበር። አስተማሪው ወረቀቱን ለክፍሉ አሳይቶ ሲያስቅባቸው፣ ከዚያ ወዲያ እጃቸውን አውጥተው አንድ ነገር ሳይጠይቁ ዓመቱ አለቀ። አለማወቁ ምንም አልነበረም፤ ጉድ የሠራቸው ማፈሩ ነው።

በነጋታው ልጃቸውን ይዘው በእግር ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ሄዱ። በዋሻው ውስጥ ያለው ቤተ ክርስቲያን እንደሌሎቹ አልተፈለፈለም፤ እንጨትና ድንጋይ እየተደራረበ የታነጸ ነው። ተሳልመው ከግድግዳው አጠገብ ቆሙ።

«ይቺን እንጨት በሐሳብሽ ምዘዣት» አሉ አንዷን እያሳዩ። «ከላይዋ ያለው ድንጋይ ምን ይሆናል?»

«ይወርዳል።»

«አሁንስ ምን ያዘው?»

«እሷ ወደ ላይ ስለምትገፋው ነዋ» አለች። «እንዴ፣ ጊዮርጊስም እንዲሁ ነው ለካ። አንድ ድንጋይ ስለሆነ አይታይም እንጂ፣ አምዱ ተሸክሟል።»

«ተሸክሟል እንጂ።»

ፊታቸውን ወደ ዋሻው መለስ አደረጉ። ያ የድሮዊንግ ክፍል፣ የእርሳሱ ሽታ፣ እነዚያ ሳቂታ ልጆች በዓይናቸው መጡባቸው። ለዚያ ለአፋሩ ለፈንታው አንድ ሰው እንዲህ ቆሞ ቢነግረው ምን ነበረበት? ናፈቃቸው፤ ቆጫቸውም። ንጋት ግን አላየችም፤ ሌላውን እንጨት በሐሳቧ እየመዘዘች ነበር።

ዕረፍቱ እስኪያልቅ አብረው ሲያጠኑ ሰነበቱ። መምህር ፈንታው የድሮውን ሁሉ አስታወሱ፤ ጎረቤቱ «ኢንጅነሩ ደግሞ ሊማሩ ነው እንዴ?» እያለ አሾፈ። ንጋት ድጋሚውን አለፈች፤ ዓመቱንም ጨረሰች።

ጥቅምት ላይ፣ መምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጠው ሳለ ደወለች።

«አባባ፣ ሁለተኛ ዓመት ጀመርን። ስትሬንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስ የሚሉት፣ የቁሳቁስን ጥንካሬ የሚያስተምር ከባድ ኮርስ አለ። ከምኑ ልጀምር?»

እንደ ልማዳቸው ሊያስረዱ ጀመሩና ተዉት።

«እሱን እንኳ አላውቀውም፣ ልጄ» አሉ። «እኔ እዚያ አልደረስኩም።»



«ታዲያ ምን ይደረግ፣ አባባ?»

መምህር ፈንታው ተነሥተው በሩን ዘጉና ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አስጠጉ።

«ዛሬ ምን አስተማሯችሁ?» አሉ። «ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፤ ያልገባኝን እጠይቅሻለሁ።»