ጫማው ያለበት በር

ፌንጣ ከተማዋን በሦስት ቀን ጨረሰቻት። እሷ እንዳለችው ነው እንግዲህ። እናቷ ደውላ «ልጄ፣ እንዴት ነው፣ ለመድሽው?» ብትላት፣ «ምኑ ይለመዳል እማዬ! ከተማ ከተማ ሲሉ አንድ ነገር መስሎኝ። ሦስት ቀን አልፈጀብኝም፤ እያንዳንዱን በር ዓይኔን ጨፍኜ አገኘዋለሁ» ብላ እርፍ።

ከተማ ያለችው አንድ ሕንፃ ነው፤ አምስት ፎቅ፣ አሳንሰሩ የተበላሸ። ምድር ቤቱ ላይ አክስቷ በአንዲት ክፍል የሰው ልብስ ትተኩሳለች፤ እሷ ደግሞ የተተኮሰውን በመስቀያ አንጠልጥላ ለየባለቤቱ ታደርሳለች። ፌንጣ ያለቻትም አክስቷ ናት፣ ደረጃውን ሦስት ሦስቱን ስትዘል አይታ።

አክስት የዋዛ ሴት አይደለችም። ልጅቷ የመጣች ዕለት፣ ካውያውን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ ቁርጡን ነገረቻት። «አንድ ሳምንት አይሻለሁ። የሰው ልብስ የሰው አደራ ነው። አንዲት ሸሚዝ የተሳሳተ በር ከገባች፣ ሰኞ ጠዋት አውቶብስ ላይ ነሽ። የእህቴ ልጅ ምናምን አላውቅም።»

ሰኞ አውቶብስ ላይ! ለሰፈር ልጆች ሁሉ «እንግዲህ በቴሌቪዥን ነው የምታዩኝ» ብላ የወጣች ልጅ፣ በሳምንቷ ሻንጣዋን ይዛ ትመለስ? ምድር ተከፍታ ብትውጣት ይሻላታል።

ችግሩ ቁጥሩ ነው። አክስቷ በየልብሱ ላይ የቤቱን ቁጥር ጽፋ በመርፌ ቁልፍ ታያይዛለች። ማንበቡ አያቅታትም፣ አራተኛ ክፍል ደርሳለች። ግን እሷ ባደገችበት ሰፈር፣ ቤት በቁጥር አይጠራም፤ የነእንትና ቤት ነው የሚባለው። እዚህ ደግሞ እንትና የለም። መጀመሪያ ቀን ደረጃ ላይ ያገኘችውን ሁሉ «እንደምን አደራችሁ» ስትል ብትውል፣ አንዱ ዞር ብሎ «እንተዋወቃለን?» አላት። ሆድ ባሳት። ከዚያ ወዲያ ሰዎቹን ትታ ከጫማዎቻቸው ጋር ተዋወቀች።

የሕንፃው ሰው ጫማውን በር ላይ አውልቆ ነው የሚገባው። ሁለተኛ ፎቅ፣ ማሰሪያው ተፈትቶ የማያውቅ ስኒከር፤ ተማሪው። ሦስተኛ ፎቅ፣ ተረከዙ የተረገጠ ቡናማ ቆዳ፤ ከትልቋ ልጃቸው ጋር የሚኖሩት ጡረተኛ ሾፌር። አራተኛ ፎቅ፣ ነጭ ላስቲክ ጫማ፤ ባሏ የሞተባት አዋላጅ። ፌንጣ ስታልፍ ጎንበስ ብላ «እንዴት አደርክ፣ ቡናሜ?» ትላለች። ጫማ «እንተዋወቃለን?» አይልም።

ዓርብ ከሰዓት የሾፌሩን ግራጫ ሱሪ ይዛ ወጣች። ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ ቡናሜ የለም። «ፎቁን ተሳስቼ ቆጥሬ ነው» አለችና አንድ ፎቅ ጨመረች። ይኸው ቡናሜ፣ ተረከዙ እንደተረገጠ! ነጩ ላስቲክ ጫማ አጠገቡ ተቀምጧል፤ እሷ ግን ከደስታዋ ብዛት እሱን አላየችውም። አንኳኳች።

አዋላጇ ከፈተች።

«ምን ነበር?»

«የጋሼን ሱሪ ይዤ ነው።»

«የማንን ሱሪ?» የሴትዮዋ ፊት ቲማቲም መሰለ። «እኔ ቤት የማንም ሱሪ የለም!»

«ጫማቸው እዚህ ነው እኮ፣ እትዬ። ታዲያ ሱሪያቸው የት ይግባ?»

ይህን ያለችው በሹክሹክታ ቢሆን ምንም አልነበረ። ፌንጣ ግን ስትናገር አምስቱም ፎቅ ይሰማል። የሾፌሩ ልጅ ከሥራ ስትመለስ ደረጃው ላይ ነበረች።

«አባዬ?» አለች ከታች።

ከውስጥ የሻይ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። ሾፌሩ በካልሲያቸው ብቅ አሉ። ፌንጣ ያን ጊዜ ነጩን ጫማ አየችው። ሱሪውን ክንዳቸው ላይ ጣል አድርጋ፣ እግሬ አውጪኝ!

ምድር ቤቱ ክፍል ገብታ ሻንጣዋን ጎተተች። ቀሚሶቿን ጠቅልላ ስትከት እንባዋ ይወርዳል።

«ምን ሆንሽ አንቺ?»

«የጋሼን ሱሪ አዋላጇ ቤት... ልጃቸው ሰማች...»

አክስት ካውያውን አቆመች። ልትናገር አፏን ስትከፍት በሩ ተንኳኳ። ሾፌሩ ናቸው።

«ልጅቷን እንዳትቆጪያት» አሉ፣ የበሩ ደፍ ላይ ቆመው። «ሁለት ዓመት ሙሉ ለልጄ እንዴት ብዬ ልንገራት እያልኩ ያን ደረጃ ስወጣ ስወርድ ኖርኩ። ይቺ በአንድ ቃል ገላገለችኝ።»

«ልጅዎ ምን አለች?»

«አለቀሰች። ቆየችና ‹ሻዩ ለእኔም አለ ወይ?› አለች። አሁን ሁለቱ ቁጭ ብለው እኔን ያማሉ።» ፈገግ አሉና ወጡ።

አክስት ሻንጣውን ወደ ራሷ ሳበች። ከውስጡ የተጨማደደውን ቀሚስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና፣ ውሃ እፍ ብላበት መተኮስ ጀመረች። አንገትጌውን፣ እጅጌውን፣ ቀስ አድርጋ። ከዚያ ሁለተኛውን።

ፌንጣ አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ነፍሷ መለስ ስትል አንገቷ ቀና አለ።

«አየሽ፣ አክስቴ? እኔ ባልመጣ ይኼ ሕንፃ ምን ይውጠው ነበር! ለዚህ ሥራማ የተፈጠርኩ ነኝ። ለዚያ አይደል የምታስቀሪኝ?»

አክስት ዓይኗን ከቀሚሱ አላነሳችም።

«የማስቀርሽ ብቻዬን መብላት ሰልችቶኝ ነው። ሥራውንማ አትችዪውም።»