በእኔ ቤት መሳም አይታይም

አረጋ እባላለሁ። ፍላቂት መናኸሪያው ጀርባ ያለችው ባለ ቆርቆሮ ቪዲዮ ቤት የእኔ ናት። ሰው ሁሉ በስልኩ ፊልም ማየት ሲጀምር ልዘጋት ነበር፤ ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ግን ነፍስ ዘራች። ቅዳሜ ቅዳሜ አግዳሚው አይበቃም፣ መሬት ላይ የሚቀመጠውም ብዙ ነው።

ስከፍታት የነፍስ አባቴ አባ ምሥጋናው ጠርተውኝ፣ «ክፈት፣ አልከለክልህም። በጾም ግን አታሳይ። ነውርም አታሳይ። ሕዝቡን ካረከስክብኝ ደጄን እንዳትረግጥ» አሉኝ። ቃሌን ሰጠሁ። ቃል ከሰጠሁ ደግሞ ቀልድ አላውቅም። የፓስታ ካርቶን ዘርግቼ ዱላ ላይ ቸነከርኩ። ፊልሙን ጠዋት ብቻዬን አየዋለሁ፤ የሚሳሳሙበትን ደቂቃ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ብድግ ብዬ ስክሪኑን እጋርዳለሁ። ጎረምሶቹ «ኧረ አረጋ፣ ጨርሰዋል እኮ፣ አንሳው» እያሉ ያበሽቁኛል። እኔ ንቅንቅ የለም። የወልዲያ ሾፌሮች ሳይቀሩ ስለ ካርቶኔ ያወራሉ። አልዋሽም፣ በጣም ነበር የምኮራበት።

እህቴ ፋና ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ባሏን ደሳለን ጥላ እኔ ቤት መጣች። የያዘችው አንዲት ፌስታል ብቻ ነው። «አልመለስም፣ ወንድምዓለም» አለችኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም። መልሱን ስለማውቀው ነው ያልጠየቅኩት።

የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች፣ ደሳለ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ከወፍጮ ቤት ስትመለስ ጠለፋት። በአራተኛው ቀን ሽማግሌ ላከ። አባታችን በሕይወት ስላልነበር ለቤቱ መልስ የምሰጠው እኔ ነበርኩ። «እንግዲህ አንዴ ሆኗል፤ ከዚህ በኋላ ማን ያገባታል? በእርቅ ይለቅ» አሉኝ። አባ ምሥጋናውም ከመካከላቸው ነበሩ። እሺ አልኩ። የእርቁን ጠቦት ያረድኩት እኔ ነኝ። ፋናን ለዕለቱ አምጥተዋት እዚሁ ቤቴ ጓዳ ተቀምጣ ነበር። ደሳለ ቤት ምን እንደተደረገች አንድም ሰው አላነሳም። ነውር ነዋ።

ዘንድሮም መጡ። ዓርብ ዕለት አባ ምሥጋናው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቤቴ ጎን ያለው ሱቅ ደጃፍ አገኙኝና፣ «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንመጣለን። ሚስቱን ይዞ ይግባ፤ ትዳር እንዲህ አይፈታም» አሉኝ።

«እሺ አባ» አልኩ።

ለፋና አልነገርኳትም። ፊቷን ማየት ፈራሁ። ይልቅስ ቅዳሜ፣ «ነይ እስቲ ፊልም እይ፣ ትንሽ ሳቂ» ብዬ ይዣት ሄድኩ። ሴት ቪዲዮ ቤቱ እምብዛም አትገባም፤ በሩ አጠገብ ለብቻዋ ወንበር አወጣሁላት።

ፊልሙ አስቂኝ የሚባል የአዲስ አበባ ፊልም ነው። ልጅቷ አንድ መምህር ትወዳለች። አርባ አንደኛው ደቂቃ ላይ ዛፍ ሥር ይሳሳማሉ። ጋረድኩ። ቤቱ አጉረመረመ፣ ከዚያ ሳቀ። ፋናም ፈገግ ስትል አየሁና ደስ አለኝ። ካርቶኑን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ።

ቀጥሎ የሀብታሙ ልጅ ይመጣል። ልጅቷ እምቢ ትለዋለች። ከጓደኞቹ ጋር መንገድ ላይ ጠብቆ ይሸከማታል። እየጮኸች ትራገጣለች፣ አንድ ጫማዋ ወልቆ ይወድቃል፤ ከኋላ የሠርግ ሙዚቃ ይመታል። ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። እኔም ሳቅሁ። ጠዋት ብቻዬን ሳየውም ስቄ ነበር። ከዚያ ቤት ያስገባታል፣ በሩ ይዘጋል።

በሩ ሲዘጋ ስክሪኑ ጠፋብን። መብራት የሄደ መስሎኝ ነበር። ፋና ናት። ካርቶኔን በሁለት እጇ ይዛ ስክሪኑ ፊት ቆማለች።

«አንሺልን እንጂ እቴቴ፣ መሳም የለበትም እኮ» አለ አንዱ ከኋላ።

እውነቱን ነው፣ አልነበረበትም። ፋና ግን የምታየው እኔን ነበር።

«ይሄን ለምን አልጋረድከውም፣ ወንድምዓለም?» አለችኝ ቀስ ብላ።

ፍላቂት ትንሽ ከተማ ናት፤ ፋና እንዴት እንዳገባች የማያውቅ እዚያ ውስጥ አልነበረም። ካርቶኑን እግሬ ሥር አስቀምጣ ወጣች።

ሰዉም ሳይጠየቅ አንድ በአንድ ወጣ፤ ማንም ዓይኔን አላየኝም። ደብተሬን ገለጥኩ። በገዛ እጄ፣ «41 ላይ መሳም አለ። ከዚያ በኋላ ችግር የለም፣ ለቤተሰብ ይሆናል» ብዬ ጽፌያለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ማታ ይቅርታ ልጠይቃት የጓዳው በር ላይ ቆምኩ፣ ከአፌ የወጣው ግን «እራት በላሽ?» የሚል ብቻ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ደሳለ ነጭ ጋቢ ለብሶ ደጅ ቀረ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኩ።

«የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ አባ ምሥጋናው እንደ ወጉ። «ጥራልንና ትሂድ።»

«አትሄድም አባ። ቃሌን አንስቻለሁ።»

«ምነው ልጄ? ከትናንት በስቲያ እሺ ብለኸን አልነበር? ምን በድሏት ነው?»

ያን ቃል በካህን ፊት አውጥቼ አላውቅም። መሬት መሬቱን እያየሁ፣ «ደፍሯታል አባ። ያኔ ጠልፎ ደፍሯታል። እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። እያወቅን ነው ጠቦቱን የበላነው» አልኩ።

አንደኛው ሽማግሌ፣ «ኧረ ነውር ነው፣ በአባ ፊት» አለኝ። አባ ግን አልተቆጡም። መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ፣ ፊታቸው ቀላ። «እንሂድ» ብቻ አሉ። ሳይቀመጡ ወጡ።

እኔ ሞኙ ቀለል አለኝ። አሁን ወጥታ አንገቴ ላይ ትጠመጠማለች ብዬ ወደ ጓዳው ገባሁ። ፋና ጫማዋን አድርጋ፣ ፌስታሏን ጭኗ ላይ ይዛ አልጋው ጫፍ ተቀምጣለች።

«ሄዱ እኮ። አትመለሺም» አልኳት።

«ሰማሁ።»

«ታዲያ ወዴት ነው?»

«ወልዲያ። መኪናው ሳያመልጠኝ።» ተነሣች። «እሺ እንዳልካቸው ዓርብ ዕለቱን ሰምቻለሁ፤ ሱቁ ደጃፍ አይደል የተነጋገራችሁት። ቅዳሜ ትነግረኝ እንደሆነ ብዬ ጠበቅኩህ። አንተ ፊልም ጋበዝከኝ።»

«ዛሬ ግን ተናገርኩ፣ ፋንዬ። ሰምተሽኛል።»

«አዎ፣ ሰምቻለሁ» አለችኝ። «ያኔም እዚችው ጓዳ ሆኜ እየሰማሁህ ነበር።»

እስከ መናኸሪያው ከኋላ ከኋላዋ ሄድኩ። ፌስታሉን ልያዝልሽ አልኳት፤ አልሰጠችኝም።